ደሴና ኮምቦልቻ፦ ከመተላለፊያነት ባሻገር

ከአዲስ አበባ በደቡብ ወሎ በኩል ወደ ላሊበላ የሚጓዙ በርካታ ጎብኚዎች ኮምቦልቻንና ደሴን የሚያውቋቸው ለምሳ ወይም ለአዳር ሲያርፉባቸው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በከተሞቹና በአካባቢያቸው የሚገኙት ቅርሶች የቀናት ቆይታ የሚሹ ናቸው።

ከተሞቹ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የአየር ጠባያቸው ይለያያል። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረች ደጋማ ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደው የሚያገኟት፣ ሞቅ ያለ አየር ያላት የኢንዱስትሪ ከተማ ነች።

በደሴ ከሚጎበኙት ቅርሶች አንዱ ንጉሥ ሚካኤል ለግብር ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ነው። ስያሜው ሹም ከተራ፣ ሀብታም ከድሃ ሳይለይ ሁሉም ይስተናገድበት እንደነበር የሚያመለክት መሆኑ ይነገራል።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ መሪነት ታላቅ የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚሁ ገዳም ተምረዋል።

ጉዞው ወደ ሰሜን ሲቀጥል አምባሰል ይገኛል። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በርካታ ምዕመናን የሚሰባሰቡባት፣ የመስቀል ቅርጽ ያላት የግሼን ማርያም አምባ የምትገኘው በዚሁ ወረዳ ነው። የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቅጂ 17ኛ አንቀጽ ልዩነት ለዓድዋ ጦርነት ምክንያት የሆነው የውጫሌ ውልም፣ በ1881 ዓ.ም የተፈረመው በአምባሰል ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ነው።

ደቡብ ወሎ የእስልምና ትምህርትም ማዕከል ነው። ሼህ ሙሐመድ ሻፊ የመሠረቱት ጀማ ንጉሥ በመውሊድ አከባበሩ ይታወቃል።

በ2014 ዓ.ም በአካባቢው በተካሄደው ጦርነት የደሴ ሙዚየም ዝርፊያና ጉዳት ደርሶበታል። የተዘረፈ ቅርስ ተፈልጎ ሊመለስ የሚችለው መልኩና መለያው አስቀድሞ በመዝገብና በፎቶግራፍ ከተያዘ ነው። በመሆኑም በየገዳማቱና በየመስጊዱ የሚገኙ የብራና መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ምዝገባ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

የጎብኚው ድርሻም ቀላል አይደለም። በደሴና በኮምቦልቻ የሚጨመር የአንድ ቀን ቆይታ ለአስጎብኚውና ለሆቴሉ ሠራተኛ ገቢ ያስገኛል፤ ኅብረተሰቡም በሚጠቀምበት ቅርስ ላይ የባለቤትነት ስሜቱ እንዲጠናከር ያግዛል።