ተጨማሪ መረጃ፦ መልስ የነሣ የዩኤስቢ መሰኪያ

በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ማውዝም ሆነ ፍላሽ ሲሰካበት መልስ የማይሰጥ የዩኤስቢ መሰኪያ ያጋጠመው ሰው፣ መሰኪያው ሞቷል ብሎ ከመፍረዱ በፊት፣ ያንኑ ዕቃ በሌላ ኮምፒዩተር ፈትኖ ጉድለቱ የማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል። በኋላ በኩል ያሉት መሰኪያዎች በራሱ በማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ሲሆኑ የፊተኞቹ ግን በቀጭን ገመድ የሚገናኙ ናቸውና፣ የፊተኞቹ ብቻ ዝም ቢሉ የገመዱን መላላት ወይም መነቀል መጠርጠር ይበጃል።

ሁሉም በአንድነት ዝም ያሉ እንደ ሆነ ግን፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ፣ የኃይል ገመዱን ነቅሎ፣ የማብሪያውን ቁልፍ 15 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ በውስጡ የተረፈውን ኤሌክትሪክ ስለሚያስወጣ፣ ይህ ተራ የሚመስል ሥራ አንዳንድ ጊዜ ፍጹም ፈውስ ይሆናል። ደግሞም የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ በሥርዓቱ የሚሰጠው በ5 ቮልት እስከ 500 ሚሊአምፔር በመሆኑ፣ ከዚህ የበለጠ የሚሻ ሃርድ ዲስክ ሲሰካበት ሳይታወቅ ይቀርና ንጹሑ መሰኪያ በከንቱ ይኰነናል።

ይህ ሁሉ ካልረዳ፣ በዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የዩኤስቢ ተቆጣጣሪዎቹን አስወግዶ ኮምፒዩተሩን እንደ ገና ማስነሣት ድራይቨራቸውን ያድስላቸዋል፤ ነገር ግን እስኪነሣ ድረስ ማውዙና ኪቦርዱ አብረው ሊደነዝዙ ስለሚችሉ፣ ክፍት ሰነድ ያለው አስቀድሞ ያስቀምጥ።