ሌንስ የማያሳጥረው ርቀት

ወፍ፣ የዱር እንስሳና የዕለት ተዕለት ኑሮ ፎቶ ማንሳት የጀመረ ሰው ቶሎ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ስንት ሚሊሜትር ሌንስ ልግዛ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወፍ ትንሽ ናት፣ ሰው ሲጠጋትም ትሸሻለች። ይሁን እንጂ 600 ሚሊሜትር ሌንስ ተሸክሞ ደብዛዛ ምስል ይዞ የሚመለስ አለ፤ በእጅ ስልኩ ደጋግመው የሚያዩት ፎቶ የሚያነሳም አለ። ሌንስ የሚያሳጥረው ለዓይን የሚታየውን ርቀት ብቻ ነው። በፎቶ አንሺውና በሚያነሳው ፍጡር መካከል ያለው ሌላው ርቀት የሚያጥረው በዕውቀትና በጊዜ ነው።

በመጀመሪያ አየሩን እንመልከት። ሀዋሳ ሐይቅ ዳር እኩለ ቀን ላይ ቆሞ ሩቅ የምትንሳፈፍ ወፍ የሚያነሳ ሰው፣ ሌንሱ ወፏን ሲያቀርብለት በመካከል ያለውን አየርም አብሮ ያጎላበታል። ፀሐይ ያጋለችው መሬት አየሩን ያሞቀዋል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ብርሃኑን ያጣምመዋል፤ የላባው መስመርም ይደበዝዛል። ይህን የሚያርም ሌንስ የለም፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከ20 ሜትር ወደ 10 ሜትር መጠጋት ወፏን በፎቶው ውስጥ የሚያገዝፋት ከ300 ወደ 600 ሚሊሜትር ሌንስ የመቀየርን ያህል ነው። በዚያ ላይ የሚያቋርጡት አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ ለሌንስ የሚከፈለው ገንዘብም ኪስ ውስጥ ይቀራል።

ሰዓቱም የራሱ ድርሻ አለው። በሰሜን አውሮፓ ፀሐይ አግድም እያዘነበለች ስለምትወጣ ለስላሳው የጠዋት ብርሃን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነችው በኢትዮጵያ ግን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ስለዚህ ጥሩው ብርሃን በአብዛኛው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ማታም ከመጥለቋ በፊት እንዲሁ አጭር ጊዜ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ከአናት ይወርድና የወፏ ዓይን በጥላ ይሸፈናል። ደግነቱ ብዙዎቹ ወፎች ለመብል የሚሯሯጡትም በዚሁ በማለዳው ሰዓት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የፍርሃት ርቀት ነው። እያንዳንዱ ፍጡር «ከዚህ ካለፍክ እሄዳለሁ» የሚልበት ወሰን አለው። ወፍን ዓይን ዓይኗን እያዩ በቀጥታ መጠጋት ይህን ወሰን ያሰፋዋል፤ የሚያድን አውሬም አመጣጡ እንዲሁ ነውና። ጎን ለጎን ቀስ ብሎ መሄድ፣ ቶሎ ቶሎ መቆም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አስቀድሞ ደርሶ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያጠበዋል። ጥቁርና ነጭ ላባ ያላትን ትንሿን ዓሣ አዳኝ ወፍ እንውሰድ። ከውሃው በላይ በአንድ ቦታ ክንፏን እያርገበገበች ትቆማለች፣ ወደ ታች ታያለች፣ ከዚያም ተወርውራ ትጠልቃለች። ዓሣ ከያዘች ብዙ ጊዜ የምትመለሰው ወደ ለመደችው ቅርንጫፍ ወይም የጀልባ ጫፍ ነው። ያንን ማረፊያ ያወቀ ሰው ሊያሳድዳት አይገባውም፤ ፎከሱን እዚያው አዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ነፋሱንም ማየት አለበት። ወፎች ሲነሱም ሲያርፉም አብዛኛውን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ ያዞራሉ። ስለዚህ ፀሐይም ነፋስም ከኋላው የሆነለት ሰው ብርሃን ያረፈበት የወፏ ፊት ወደ እርሱ ዞሮ ያገኘዋል። የሹተሩ ፍጥነት የሰከንድ 1/2000 ከሆነ የክንፉ እንቅስቃሴ ቀጥ ብሎ ይያዛል።

የፍርሃቱ ወሰን ከቦታ ቦታም ይለያያል። እዚያው ሀዋሳ፣ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከሰው ጋር ተላምዷል። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ ሲያርዱ የሚጣለውን ለመልቀም ከሰው ጥቂት እርምጃ ርቆ ይቆማል። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ስለሚደርስ ስልክ የያዘ ሰውም ሊያነሳው ይችላል። በቅርብ ለተመለከተው ጥቁር እግሩ ኖራ የተቀባ መስሎ ይታያል። ነጩ ነገር ኩሱ ነው፤ ወፉ ሙቀት ሲበረታበት እግሩ ላይ ይለቀዋል፣ እርጥበቱ ሲተንም ሰውነቱን ያቀዘቅዝለታል። ይህን የሚያውቅ ሰው እግሩን ከፎቶው ቆርጦ አያስቀርም። ካሜራው ግን በዚህ ወፍ ይታለላል። የጀርባውን ጥቁረት አይቶ ብርሃን ሲጨምር የሆዱ ነጭ ላባ መስመር አልባ ወረቀት ይመስላል። ስለዚህ ብርሃኑን ቀነስ አድርጎ ለነጩ መለካት ይሻላል፤ ጥቁሩን በኋላ ማፍካት ይቻላል፣ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም።

በዱር እንስሳትም ነገሩ ያው ነው፤ የኑሮ ልማዳቸውን ማወቅ መንገዱን ያሳያል። የሰሜን ተራሮች ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድርና ጠዋት ሣር ሊግጥ ወደ አምባው ይወጣል። በማለዳ ገደሉ አፋፍ አጠገብ በጸጥታ የተቀመጠ ሰው መንጋው በዙሪያው ተበትኖ ሲግጥ ሊያይ ይችላል። ጭላዳው ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ ነጣ ያለውን የዓይኑን ቆብ ካሳየ ግን ማስፈራራቱ ነውና ወደ ኋላ ማለት ይገባል። በባሌ ተራሮች የሳነቴ አምባ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በቀን ያድናል፤ ዋና ምግቡ ከሆኑት አንዷ፣ ትልቋ ፍልፈል፣ ከጉድጓዷ የምትወጣው በቀን ነውና። ጉድጓዶቹ የበዙበትን ሜዳ መርጦ መኪና ውስጥ ሆኖ መጠበቅ በእግር ከማሳደድ ይበልጣል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ከአደኑ ላይ የተባረረ ቀበሮ ለፎቶ ሲባል ምሳውን አጣ ማለት ነው። ጎጆ እንዲታይ ቅጠል መመልመልም ጫጩቶቹን ለፀሐይና ለጭልፊት አሳልፎ መስጠት ነው። እንስሳው ሥራውን ትቶ ወደ እኛ ማየት ከጀመረ ከልክ በላይ ቀርበናል።

ወደ ሰው ስንመጣ ሚሊሜትር አያግዝም። ከሩቅ በረጅም ሌንስ ተሰርቆ የተነሳ የጉሊት ነጋዴ ፊት ስርቆቱን ይዞት ይኖራል። ሕጉም ያስበዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27፣ የአንድን ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። አንቀጽ 28 በአደባባይ ለተፈጸሙ ክንውኖችና ሥነ ሥርዓቶች፣ ለመሰሉትም ጉዳዮች ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። ከሕጉ በፊት ግን ሰላምታው አለ፦ «እንዴት አደሩ እናቴ፣ ፎቶ ባነሳዎት ቅር ይልዎታል?» ከተፈቀደልን በኋላ ሌላ ነገር ይመጣል። ለምሳሌ መረብ የሚጠግን ዓሣ አጥማጅ ሥራውን ይተውና ልብሱን አስተካክሎ፣ እጁን አጣምሮ፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ብዙ ጀማሪዎች «እንደ ቅድምህ ሁን» ብለው ያስቸግሩታል። ያንን የቆመበትን ፎቶ በክብር ማንሳት ይገባል፤ እርሱ መታየት የሚፈልገው እንዲህ ነውና። ምስሉን ማሳየት፣ ሲመቸን አሳጥበን ማምጣት፣ ከዚያም እዚያው ቆይቶ መጫወት ነው። ጥቂት ቆይቶ እጁ ወደ መረቡ ይመለሳል፣ ጣቱ የተበጠሰውን ክር ይፈልጋል፤ የሥራው ፎቶ ያኔ ይገኛል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ለትርፍ ጊዜው የሚያነሳ ሰው አንድ ትልቅ ብልጫ አለው። ባለሙያው የተቀጠረበት ቀን ያልቅበታል፤ የትርፍ ጊዜ ፎቶ አንሺ ግን ወደዚያው ቦታ ደጋግሞ መመለስ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ከሌንሱ በፊት ቦታው ይሁን፤ በእግር ወይም በአንድ ታክሲ የሚደረስበት ወንዝ ዳር፣ የቤተ ክርስቲያን አጸድ ወይም የሰፈር ገበያ ይበቃል። ማን በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚያርፍ፣ ምን እንደሚበላ ቀኑን እየጻፉ መያዝ ያስፈልጋል። ማስታወሻው ሲወፍር ምን ዓይነት ሌንስ እንደሚያስፈልግ ራሱ ይናገራል፤ ብዙ ጊዜም ያሰቡትን ያህል ረጅም አይሆንም።