ሽንት ምን ይናገራል?

ወገቡን የቆረጠመው ሁሉ «ኩላሊቴን ነው» ይላል። አብዛኛው የወገብ ሕመም ግን ከጡንቻና ከአጥንት ነው። ኩላሊት ምንም ሳያም፣ ድምፁን አጥፍቶ ሊደክም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያጋልጠው ሽንት ነው።

ኩላሊቶች ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ጭብጥ ያህላሉ። ደምን እንደ ወንፊት ያጣራሉ። ቆሻሻው ከትርፍ ውኃ ጋር በቀጭን ቱቦ ወርዶ ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል። ሽንት የምንለው ይኸንኑ ነው።

የምርመራው ወረቀት ላይ «ፕሮቲን» ከተገኘ ወንፊቱ ላልቶ እንደሆነ ይጠረጠራል። ነፍሰ ጡር ላይ ከታየ ደግሞ የደም ግፊቷ ዛሬውኑ ይለካ። «ስኳር» ከተገኘ የስኳር በሽታ፣ ነጭ የደም ሕዋስ ከበዛ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይታሰባል። ደም የሸና ሰው ባያመውም ሐኪም ይየው፤ ቀይ ሥር በልቶ ሽንቱ የቀላበት ግን ሌላ ነው!

ጉለሌ በሚገኘው ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ተከፍቷል። ለዚያ ግን ኩላሊቱን የሚለግስ ሰው መገኘት አለበት። የሽንት ምርመራ የሚጠይቀው ንጹሕ ብልቃጥ ነው። መጀመሪያ የሚወርደው ይፍሰስ፤ መካከለኛው ይቀዳ፤ ሳይቆይ ለላቦራቶሪው ይሰጥ።