የተገዛ መጽሐፍ የማን ነው?

የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ጥቅሙ አይካድም። አንድ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ በአንድ እጅ ይያዛል፤ የፈለጋችሁትን ቃል ባንድ አፍታ ታገኛላችሁ፤ ዓይኑ የደከመም ሰው ፊደሉን አጉልቶ ያነባል።

ነገር ግን ገዥው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የማንበብ ፈቃድን እንጂ ባለቤትነትን አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኩባንያ አማዞን፥ ሻጩ የማሳተም መብት እንዳልነበረው በተረዳ ጊዜ፥ የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ከገዥዎቹ መሣሪያ ላይ በሩቅ ሆኖ ሰረዘው። ገንዘቡስ ተመለሰ፤ ዳሩ ግን አንድ ተማሪ ለጥናቱ የጻፋቸው ማስታወሻዎች ከገጹ ተነጥለው ፍች አጡ።

ስለዚህ ለመንገድና ቃል ለመፈለግ በመሣሪያው ተጠቀሙ፤ ደጋግማችሁ የምታጠኑት፥ በኅዳጉ የምትጽፉበት፥ ለልጅም የምታወርሱት መጽሐፍ ግን ታትሞ በቤታችሁ ይኑር።