ማስጠንቀቂያው ሌላ፣ ክፍያው ሌላ

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) እንደ ዚፕሬክሳ፣ ሪስፐርዳልና ሴሮክዌል ባሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ላይ ከባዱን ማስጠንቀቂያ፣ በጥቁር ሳጥን ተከቦ የሚታተመውን፣ አወጣ። መድኃኒቶቹ በዋናነት የተፈቀዱት ለስኪዞፍሬኒያና ለባይፖላር ነው። በነርሲንግ ሆሞች (የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት) ግን የመርሳት በሽታ ያለባቸው አረጋውያን ሲረበሹ፣ ሲጮኹ፣ ሌሊት ሲባዝኑ ማረጋጊያ ተብለው ይሰጡ ነበር። ኤፍዲኤ 17 ጥናቶችን መርምሮ፣ መድኃኒቶቹን የወሰዱት አረጋውያን የመሞት ዕድል መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ከወሰዱት ከ1.6 እስከ 1.7 እጥፍ እንደሚሆን ደረሰበት። አብዛኞቹን የገደላቸው የልብ ችግር ወይም እንደ ሳንባ ምች ያለ ኢንፌክሽን ነው።

የአረጋውያኑ የመንግሥት መድን፣ ሜዲኬር፣ ግን መክፈሉን ቀጠለ። የአሜሪካ የጤና ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ የ2007ን የመጀመሪያ ስድስት ወራት ሒሳብ መርምሮ በ2011 ሪፖርት አወጣ። ከነርሲንግ ሆም አረጋውያን 14 በመቶው መድኃኒቶቹን በሜዲኬር ወጪ ወስደዋል። ከክፍያ ጥያቄዎቹ 88 በመቶው ማስጠንቀቂያው ከጠቀሰው የመርሳት በሽታ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ግማሽ ያህሉ ጭራሽ መከፈል አልነበረባቸውም፤ ሒሳቡ 116 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል።

ይህ እንዴት ሆነ? ሕጉ ሜዲኬር እንዲከፍል የሚፈቅደው ኤፍዲኤ ላጸደቀው ወይም በሕግ የታወቁ የመድኃኒት ማውጫዎች ለደገፉት ሕክምና ነው። ማስጠንቀቂያ በራሱ ሐኪሙን ከማዘዝ፣ መድኑንም ከመክፈል አይከለክልም። ፋርማሲው ለመድኑ በሚልከው ጥያቄ ላይ የመድኃኒቱ ስምና መጠን ይሰፍራል፤ ለምን በሽታ እንደታዘዘ እንዲጻፍ ግን ግዴታ አልነበረም። ከፋዩ ሳያይ ይከፍል ነበር ማለት ነው። በእኔ እምነት የችግሩ ሥር እዚህ ነው፤ በሽታው በትእዛዙ ወረቀት ላይ ካልተጻፈ ማስጠንቀቂያው ገንዘብ የሚወጣበት ጠረጴዛ ላይ አይደርስም። መድኃኒቱን ከመድን ዝርዝር ጨርሶ ማውጣትም መፍትሔ አይሆንም፤ በእውነት ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው አረጋውያን አሉና።

በ2012 ሜዲኬርን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት የእያንዳንዱን ተቋም አሐዝ እየተከታተለ ይፋ ማድረግ ጀመረ። በ2011 መጨረሻ ከነዋሪዎች ለ23.9 በመቶው ይሰጥ የነበረው መድኃኒት በእርግጥ ቀነሰ። ሆኖም ቆጠራው ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን አያካትትም ነበር። አብዛኛውን ጊዜ በወጣትነት የሚጀምረው ይህ ሕመም፣ በድንገት በአረጋውያን መዝገቦች ላይ በዛ። መሥሪያ ቤቱ የምርመራ ውጤቶቹን ትክክለኛነት መዝገብ እየመረመረ መፈተሽ የጀመረው በጃንዋሪ 2023 ነው፤ ለአረጋውያኑ ከመጠን በላይ ዘግይቷል።

በዋሽንግተን ዙሪያና በሚኒሶታ በእነዚህ ተቋማት የሚያስታምሙ ብዙ ወገኖቻችን አሉ፤ እናት አባታቸውን ያስገቡም አሉ። የፌዴራል ደንቡ ነዋሪው ወይም ወኪሉ ስለ መድኃኒቱ አስቀድሞ እንዲነገረው፣ ካልፈለገም እንዲከለክል መብት ይሰጣል። እናታችሁ አዲስ ክኒን ሲጀመርላቸው ስሙንና የታዘዘበትን በሽታ ጠይቁ፤ መዝገቡም ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ እንዲያሳዩአችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ።