ዘፋኙ ራሱን ካልሰማ

ደባርቅ ላይ ጄኔሬተሩ ይደክማል፤ ዛሪማ ላይ ደግሞ አምፕሊፋየሩ ይግላል። ዳባትን፣ ደባርቅንና ከሊማሊሞ በታች ያለውን ቆላ እየዞርን ሳውንድ ሲስተም የምናከራይ ሰዎች መጀመሪያ የምንማረው ይህንን ነው። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን እዚህ ያጣል። 20 ኪሎ ዋት የተጻፈበት ጄኔሬተር ደባርቅ ሲደርስ 15 ነው። አዘጋጁ ግን የሚያውቀው 20ውን ነው፤ የመድረኩን መብራት ይጨምርበታል፣ አልፎ ተርፎም የመጠጥ ፍሪጅ ይሰካበታል። ከዚያ ባሱ በመታ ቁጥር አምፖሉ ጨለም በራ ይላል።

ጣሊያን በወረራው ዘመን በሠራው ጠመዝማዛ መንገድ ሊማሊሞን ወርደን ዛሪማ ስንገባ ችግሩ ይገለበጣል። ሞተሩ ይበረታል፤ በፀሐይ በጋለ ቆርቆሮ ሥር የተደረደረው አምፕሊፋየር ግን ሙቀቱ ሲበዛበት እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ጠዋት ደጋ ላይ የተቃኘው ማሲንቆም ከሰዓት ቆላ ላይ ሌላ ድምፅ ያወጣል። እርጥበት ቆዳውን ያላላዋል፣ ሐሩር ያከረዋል። አዝማሪው ይህ አያስጨንቀውም፤ እዚያው እየተጫወተ ያስተካክለዋል። ኦርጋንና ጊታር ይዞ የመጣ ባንድ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገላገልም።

ካየኋቸው ኮንሰርቶች የከፋው እዚያው ዛሪማ የተደረገው ነው። እንግዳው ዘፋኝ የደረሰው ሕዝቡ ከሞላ በኋላ ነበር፤ ሳውንድ ቼክ የሚባል ነገር አልተደረገም። ገና ሦስተኛው ዘፈን ላይ የሞኒተሩ አምፕሊፋየር ጠፋ። ሞኒተር የምንለው መሬት ላይ ተጋድሞ ፊቱን ወደ ዘፋኙ ያዞረውን ስፒከር ነው። የሕዝቡ ስፒከር ደህና ስለነበር ከታች ያለው ሰው ምንም አላወቀም። ዘፋኙ ግን ራሱን መስማት አቆመ። ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ኦርጋኒስቱም በበኩሉ የራሱን ጨመረ፤ ሰውየው ከቅኝቱ ወጣ፣ እጁን ጆሮው ላይ ጭኖ ወደ እኛ ማየት ጀመረ። ከፊት የቆሙት ጎረምሶች “ሰክሯል!” ብለው ጮኹ። ጠብታ አልቀመሰም። ሕዝብ ግን የሚፈርደው በሰማው ነው።

ይህ የትልልቆቹም ዕጣ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በእኛ ረሃብ ስም ለንደን ዌምብሌይና ፊላደልፊያ ላይ የተካሄደውን የላይቭ ኤድ ኮንሰርት ቅጂ ያየሁት ብዙ ዘግይቼ ነው፤ ያየሁትም እንደ ሥራ ነው። ፖል ማካርትኒ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ሲጀምር ማይኩ ሁለት ደቂቃ ያህል አልሠራም፤ የሚሰማው ፒያኖው ብቻ ነው። ፊላደልፊያ ላይ ቦብ ዲላን ሲዘፍን ከመጋረጃው ጀርባ ሌሎቹ ለመዝጊያው ይዘጋጁ ነበር፤ እሱና ጊታሪስቶቹ ራሳቸውን በቅጡ አይሰሙም፤ ይባስ ብሎ የዲላን ጊታር ክር ተበጠሰ። የሌድ ዘፕሊን ባንድ አባላትማ ዓለም ሁሉ ሲጠብቃቸው ድምፁ የሻከረ ዘፋኝ፣ ያልተቃኘ ጊታርና አብረው በቅጡ ያልተለማመዱ ሁለት ድራመሮች ይዘው ወጡ። ከ19 ዓመት በኋላ ኮንሰርቱ በዲቪዲ ሲወጣ የኛ እንዳይገባ ብለው ከለከሉ። እኔ ብሆንም እከለክል ነበር።

በዚያው ቀን ኩዊን የተባለው ባንድ 20 ደቂቃ ገደማ ተጫውቶ እስከ ዛሬ የሚወራለት ሆነ። ሁሉም ዘፋኙን ፍሬዲ መርኩሪን ያነሳል፤ ይገባዋል። እኔ የማነሳው ግን ለንደን ውስጥ ቴአትር ቤት ገብተው ያችን 20 ደቂቃ በሰዓት እየለኩ መለማመዳቸውን ነው። እዚያ መድረክ ላይ ከወጡት ውስጥ እንዲህ የተዘጋጀ ጥቂት ነው።

በአገራችን ሮክ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ጃኖ ባንድ ነው፤ “ኤርታሌ” የተባለውን የመጀመሪያ አልበማቸውን ፕሮዲውስ ያደረገላቸው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ያን ጊዜ አራት ድምፃዊ ነበራቸው። ለእኔ አራት ድምፃዊ ማለት አራት ሞኒተር ማለት ነው፤ እኛ አካባቢ ሁለት ደህና ሞኒተር ከተገኘ እልል ነው። ጊታሩ ደግሞ ከፍ ተደርጎ ካልተለቀቀ ሮክነቱ ይቀራል፤ ከፍ ሲል ድምፃዊውን ይውጠዋል። ወጣቱ ሮክ አይወድም የሚሉኝ አዘጋጆች አሉ። አላምንም። በሚጮህ ማይክና በሚንቀጠቀጥ መብራት ማን ምን ይወዳል?

ምርጡ ኮንሰርቴ ዳባት ላይ የሠራሁት ነው፤ ሲወራ ግን አይጥምም። ባንዱ በዋዜማው ገባ። ለድምፁ አንድ፣ ለመብራቱ ሌላ ጄኔሬተር ቀረበ። ከሰዓቱን ሙሉ ሳውንድ ቼክ ሠራን። ማታ ምንም ችግር አልተፈጠረም፤ ሕዝቡ እስክስታውን ሲመታ አምሽቶ ወደ ቤቱ ገባ፤ እኛን ዞር ብሎ ያየን የለም።

እናም በመጪው በዓል ደባርቅም ሆነ ዛሪማ ኮንሰርት ለማዘጋጀት ያሰባችሁ ወገኖች፣ ፖስተር ከማሳተማችሁ በፊት ደውሉልን። ደባርቅ ከሆነ የጄኔሬተሩን አቅም ሩብ ቀንሳችሁ አስቡ፤ ፍሪጁን ከእኛ መስመር ንቀሉልን፤ ዘፋኙንም ፀሐይ ሳትጠልቅ አምጡልን።