ሐይቁ ሲረጋ፦ የካናዳ ክረምት በግግር በረዶ ላይ

ከታኅሣሥ ጀምሮ በካናዳ ካርታ ላይ ሐይቅና ወንዝ ተብለው የተሳሉ ብዙ ቦታዎች ሰው የሚሄድባቸው ሜዳ ይሆናሉ። ልጆች ይሯሯጡባቸዋል፤ ሽማግሌዎች ወንበርና ቴርሞስ ይዘው ይውሉባቸዋል። በሰሜን ደግሞ ከባድ መኪና ይነዳባቸዋል፤ በኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ወደ አልማዝ ማዕድን ማውጫዎች የሚወስደው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መንገድ አብዛኛው የሚያልፈው በረጉ ሐይቆች ላይ ነው። በየዓመቱ ይሠራል፣ በየዓመቱ ይቀልጣል። ስለ ካናዳ ክረምት ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ቅዝቃዜው ነው። ይህን ክረምት በእውነት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን ከግግሩ ቢጀምር ይሻላል እላለሁ፤ የሚያስደስተውም የሚያስፈራውም ነገር እዚያ ላይ ነውና።

ሐይቅ የሚረጋው ከላይ ወደ ታች ነው። ምክንያቱ የውሃ ልዩ ጠባይ ነው። አብዛኛው ነገር በቀዘቀዘ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል፤ ውሃ ግን በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲደርስ ነው። በመጸው መጨረሻ የሐይቁ ላይኛ ውሃ ሲቀዘቅዝ ይከብድና ይሰምጣል፤ ከሥር ያለው ይወጣል፤ እንዲህ እየተገላበጠ ሐይቁ በሙሉ 4 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ የሚቀዘቅዘው ውሃ ከሥሩ ካለው ስለሚቀል ላይ ይቀራል፣ ዜሮ ሲደርስም ይረጋል። ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ይንሳፈፋል። ከታች ያለው ውሃ በዚያው 4 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይከርማል፤ ዓሣዎቹም እንቅስቃሴያቸውን ቀንሰው በሕይወት ይቆያሉ። ዓሣ አስጋሪው ከወፍራም በረዶ በታች ሕይወት ያለው ዓሣ የሚያገኘው በዚህ የተነሳ ነው።

ግግሩ ሰው ይሸከማል ወይስ አይሸከምም የሚለው ጥያቄ በዓይን ግምት አይመለስም። የካናዳ ቀይ መስቀል ለብቻው ለሚሄድ ወይም ለሚንሸራተት ሰው 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ለቡድን ጨዋታ 20፣ ለበረዶ ሞተር ደግሞ 25 ሴንቲ ሜትር ይመክራል። ለእግረኛ 10 ይበቃል የሚሉ መመሪያዎችም አሉ፤ እኔ ጥንቃቄ የበዛበትን ባንይዝ ነው የሚቆጨኝ። ቀለሙም ይናገራል። ጥርት ብሎ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ጠንካራው ነው። ነጩ በውስጡ የዘነበ በረዶና አየር ስላለበት ጥንካሬው የግማሽ ያህል ነው። ግራጫው ውሃ እንዳዘለ ያሳያል፤ ጨርሶ አይረገጥም። በአንድ ሐይቅ ላይ እንኳ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ወንዝ በሚገባበትና በሚወጣበት፣ ከድልድይ ሥር፣ ምንጭ ባለበት ቦታ የሚንቀሳቀሰው ውሃ ከታች እየበላው ይሳሳል። ከላይ የተከመረ በረዶም ብርዱ ወደ ውሃው እንዳይደርስ ስለሚከላከል ግግሩ ሳይወፍር ይቆያል። ስለዚህ የሚያውቁ ሰዎች እየሄዱ፣ እየሰረሰሩ፣ እየለኩ ነው የሚገቡት።

ቢሰበርስ? የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ጎርደን ጊስብሬክት የራሳቸውን ገላ ሳይቀር በረዷማ ውሃ ውስጥ እየነከሩ ይህን ያጠኑ ሰው ናቸው። ትምህርታቸው በሦስት ቁጥሮች ይያዛል፦ 1፣ 10፣ 1። የመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ድንጋጤ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ሌላ ሥራ የለም፣ አፍን ከውሃ በላይ አድርጎ ትንፋሽን ማረጋጋት ብቻ። ቀጥሎ እጅና እግር የሚታዘዙበት 10 ደቂቃ ገደማ አለ። ከዚያ በኋላ ሰውነት ቢዝልም በብርዱ ራስን ለመሳት 1 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ብዙ ሰው ውሃው ወዲያው የሚገድል እየመሰለው በፍርሃት ይደክማል፤ ጊዜ እንዳለ ማወቅ ብቻውን ነፍስ ያድናል። መውጫው በመጡበት በኩል ነው፤ እስከዚያ ድረስ የተሸከመው ግግር እሱ ነውና። ክንድን በግግሩ ላይ ዘርግቶ፣ እንደ ዋናተኛ እግርን እየመቱ በሆድ መውጣት፤ ከወጡም በኋላ ሳይቆሙ እየተንከባለሉ መራቅ ያስፈልጋል።

ስለ ብርዱ ብዙ አልልም። በዊኒፔግ የጥር ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በዩኮን ግዛት ስናግ በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 1947 ከዜሮ በታች 63 ተመዝግቧል። ለዕለት ኑሮ የሚያስፈልገው ግን ነፋሱን ጨምሮ የሚነገረው ቁጥር ነው። እሱ ከዜሮ በታች 28 ሲደርስ ያልተሸፈነ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ በውርጭ ሊመታ ይችላል። ልብስ በሦስት ይደረባል፦ ከሥር ላብ የማይዝ፣ መካከል ሱፍ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ። ጥጥ ላብ ስለሚይዝ ከገላ አጠገብ አይሆንም። ጣቶችን አንድ ላይ የሚይዝ ጓንት ጣት በጣት ከተለየው ይበልጥ ይሞቃል።

ሆኪ ላይ ስንደርስ ለእኛ አንባቢ ከገና ጨዋታ የቀረበ ማነጻጸሪያ አላገኝም። ጫፉ የጎበጠ ዱላ፣ ሁለት ወገን፣ በቁጥር ያልተወሰነ ተጫዋች፣ ሜዳው ያገር ሜዳ። ሩሯ እዚህ ጠፍጣፋ ክብ ጎማ ናት፤ ሣሩ ደግሞ ግግር ነው። ካናዳውያን ሺኒ የሚሉት ይህ የኩሬ ጨዋታ ዳኛ የለውም፣ ብዙ ጊዜ በረኛም የለውም። ጎል የሚሆነው ሁለት ጫማ ነው። ወገን ለመለየትም ሁሉም ዱላውን መሐል ላይ ይጥልና አንዱ ሳያይ ግማሹን ወደዚህ፣ ግማሹን ወደዚያ ይወረውራል፤ ዱላህ በወደቀበት ወገን ትጫወታለህ። የአሥር ዓመት ልጅና የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ፣ ትናንት የመጣና እዚያው የተወለደ አንድ ወገን ይሆናሉ። ጎማዋን ከግግሩ ከፍ አድርጎ መምታት ነውር ነው፤ መከላከያ ያልለበሰ አለና። ከካናዳ የክረምት ልማዶች ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው ይህን ነው፤ ማንነትህን ሳይጠይቅ የሚያስገባ ጨዋታ ነው።

በኖቫ ስኮሺያ የሚክማክ ሕዝብ ባለሙያዎች ከእንጨት ሥር የጠረቧቸው ዱላዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቁ ነበሩ። ጨዋታው ወደ አዳራሽ ገብቶ ሥርዓት የያዘበት የታወቀው ቀን ሞንትሪያል ውስጥ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1875 ነው። ጀምስ ክሬይተን የተባለ ሰው በየወገኑ 9 ተጫዋች አሰልፎ አጫወተ፤ ኳስ ቢሆን እየዘለለ ተመልካች ይመታል ተብሎ ጠፍጣፋ እንጨት ተመረጠ። በ1994 ፓርላማው ሆኪን የአገሪቱ ብሔራዊ የክረምት ስፖርት አድርጎ በሕግ ደነገገ። ኩሬው ግን አልተረሳም። በኒው ብሩንስዊክ ፕላስተር ሮክ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ሮልስተን ሐይቅ ላይ፣ በ2002 የዓለም የኩሬ ሆኪ ሻምፒዮና ተጀመረ፦ አራት ለአራት፣ ያለ በረኛ።

ኩሬ የሌለው ግቢውን ይጠቀማል። ቦታውን ደልድሎ፣ ዙሪያውን በጣውላ አጥሮ፣ በብርዳም ሌሊት በጎማ ቱቦ ውሃ በስሱ በስሱ ያጠጣል። አንዱ ሽፋን ሳይረጋ ሌላው አይጨመርም፤ በአንድ ጊዜ የፈሰሰ ብዙ ውሃ ተሰነጣጥቆ ይረጋልና። የሆኪ ታላቅ የሚባለው ዌይን ግሬትስኪ የተማረው ኦንታሪዮ፣ ብራንትፎርድ ውስጥ አባቱ ዋልተር በጓሯቸው በሠሩለት እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ነው።

ዓሣ ማስገሩ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ከቶሮንቶ በስተሰሜን የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ሄዶ ሲምኮ ሐይቅ አለ፤ በጥርና በየካቲት ላዩ በትናንሽ ጎጆዎች ይሞላል። አስጋሪው በእጅ ወይም በሞተር መሰርሰሪያ ክብ ቀዳዳ ያወጣል፣ የተንሳፈፈውን ስብርባሪ በጭልፋ ይጠርጋል፣ አጭር ዘንግ ይዞ መንጠቆውን ወደ ታች ይለቃል፤ ከዚያ ከፍ ዝቅ እያደረገ ዓሣውን ያባብላል። በብርድ የደነዘዘ ዓሣ ብዙ አያሳድድም፤ ስለዚህ ማባበያው ትንሽ፣ እንቅስቃሴውም ዝግ ያለ መሆን አለበት። ፐርች የሚባለው ትንሽ ዓሣ፣ ትራውትና ዋይትፊሽ ከዚያ ይወጣሉ። ጎጆዋ በምድጃ ትሞቃለች፤ የከሰል ጢስ አደጋ እዚህም ስላለ አየር ማስገቢያ መተው ግዴታ ነው።

ኬቤክ ውስጥ ሴንት አን ደ ላ ፔራድ የምትባል መንደር ከዚህ ሁሉ ትለያለች። በየክረምቱ ከሴንት ሎውረንስ ወንዝ ቶምኮድ የሚባሉ ትናንሽ ዓሣዎች ለመራባት ወደ ሴንት አን ወንዝ ይወጣሉ። ዓሣ ማስገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፤ ዛሬ ወንዙ ሲረጋ በላዩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጎጆዎች ይሰለፋሉ፣ መንገድ ይወጣላቸዋል፣ መብራት ይገባላቸዋል። ቤተሰብ ጎጆ ተከራይቶ፣ በወለሉ ክፍተት ብዙ ክሮች አንጠልጥሎ፣ እያወራና እየበላ ያሰግራል። የተያዘው ዓሣ በር ላይ ሲጣል ወዲያው በረዶ ይሆናል።

በግግር ላይ ዓሣ ማስገር ከፈረንጁ በፊት የነበረ እውቀት ነው። የሰሜኑ ኢኑኢቶች በግግሩ ቀዳዳ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ከአጥንት በተሠራ ማባበያ ቻር የተባለውን ዓሣ ስበው፣ በባለ ሦስት ጣት ጦር ይወጉታል። ለእነሱ ጉዳዩ መዝናኛ ሳይሆን ምግብ ነበር፤ ለብዙዎች አሁንም ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግግሩ አስተማማኝነቱን እያጣ መምጣቱ ነው። በዋና ከተማዋ በኦታዋ የሪዶ ቦይ ሲረጋ 7.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የሕዝብ መንሸራተቻ ይሆናል፤ ሰው ቦርሳውን ይዞ ወደ ሥራ በመንሸራተቻ ጫማ የሚሄድበት መንገድ ነው። ለመክፈት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ግግር ያስፈልጋል። በ2022/23 ክረምት፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጨርሶ ሳይከፈት ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት የተከፈተው ለጥቂት ቀናት ነበር። በ2025 ብርዱ ተመልሶ ለሳምንታት ተሠራበት፤ ቢሆንም ያለፈው ዓመት ልምድ ለዘንድሮ ማረጋገጫ መሆኑ ቀርቷል። የአያት ምክር ይዞ «በዚህ ወር ሁልጊዜ ይረጋል» ብሎ ሐይቅ ላይ መውጣት ዛሬ አደገኛ ነው።

በቶሮንቶ፣ በኦታዋ፣ በካልጋሪ፣ በኤድመንተንና በዊኒፔግ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን የመጀመሪያውን ክረምት ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ብለው ይገፉታል። መጀመሪያ ለመውጣት ቀላሉ ቦታ የከተማው ሜዳ ነው። ቶሮንቶ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ያለው የናታን ፊሊፕስ አደባባይ በማሽን የሚቀዘቅዝ ስለሆነ የመስመጥ ስጋት የለበትም፤ መግቢያውም ነፃ ነው። ለሕፃናት ኮፍያ ሳይሆን የራስ መከላከያ ይደረጋል። ዓሣ ማስገር ለሚያምራቸው፣ በኦንታሪዮ በየካቲት የቤተሰብ ቀን ሰሞን ባለው ቅዳሜና እሑድ የካናዳ ነዋሪ ሁሉ ያለ ፈቃድ ወረቀት እንዲያሰግር ይፈቀዳል። በሲምኮ ዳር የሞቀ ጎጆ በቀን የሚያከራዩ፣ ሰውን እስከ ጎጆው የሚያደርሱና ግግሩን ራሳቸው የሚለኩ ሰዎች አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ዛሬ ውፍረቱ ስንት እንደሆነና የት የት እንደለኩት ጠይቋቸው።